ፓምፔ ውሃ አልስብ አለኝ፣ በእጃችሁ ጠግናችሁ የሆነላችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ

የደንቢያው፦
ሰላም ናችሁ ወገን። ደንቢያ ነኝ፣ መገጭ ወንዝ ዳር። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ቀይ ሽንኩርት አለኝ፣ ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል፣ ስለዚህ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ያለችኝ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ናት፣ 7 የፈረስ ጉልበት የሚል ተለጥፎባታል። ሁለት በጋ አጠጥታልኛለች። አሁንም ሞተሯ ገመዱን አንዴ ስስበው ይነሳል፣ ድምጿም ደህና ነው፣ ውሃ ግን የለም። አልፎ አልፎ ትንሽ ትተፋና ትተወዋለች። በጣሳ ውሃ እየሞላሁባት እጄ ዛለ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ወንዝ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ ያለችው፣ ውሃው እንዳይመለስ የምትዘጋው ፉት ቫልቭ ላስቲኳ ተቀዶ ነበር፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ክብ አድርጌ ቆርጬ በቡሎን አሰርኩላት። ወንዙ ዘንድሮ ስለሸሸ የመምጠጫውን ሆዝ 4 ሜትር ቀጥዬበታለሁ፣ መገጣጠሚያውን በከመነዳሪ ጠቅልዬ በሽቦ ጠፍሬዋለሁ። ከሞተሩና ከፓምፑ መሃል ደግሞ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አለ። ከተማ ይዣት ሄጄ አንድ ሱቅ "ውሃ እንዳይወጣ የሚያግደው ሲል አልቋል፣ ለብቻው አይመጣም፣ የፓምፑን ግማሽ ግዛ" አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ተሸክሜያት ተመለስኩ።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄን ሲል የሚሉትን ነገር በእጁ ሰርቶ የሆነለት አለ? በገመድ ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ በጎማ ይሆናል የሚሉም አሉ። ካልሆነም እናንተ ቤት ውስጥ ቀጥቅጣችሁ፣ በይዳችሁ የሰራችሁትን ጻፉልኝ፣ ቢያንስ ሽንኩርቴ ሲደርቅ እያነበብኩ እጽናናለሁ።

የፎገራዋ፦
አይዞህ ወንድሜ። ሲሉን ለጊዜው ተወው፣ ጠብ ጠብ የምትል ውሃ ሽንኩርት አታደርቅም። ውሃ ያስቀረብህ የማይታይህ ቀዳዳ ነው። በማጠጫው በኩል ቀዳዳ ካለ ውሃው ፊትህ ላይ ይረጭና ታየዋለህ፣ በመምጠጫው በኩል ግን አንዲት ጠብታ አታይም፣ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። እኛ ከጉማራ ስንስብ ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩን ፈታተን ጥፋቱን ያገኘነው ሆዙ ላይ ነው፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል።

ሞተሩን ሳታስነሳ ሆዙን እስከ አፉ በውሃ ሙላውና 10 ደቂቃ ቁጭ ብለህ እየው። ውሃው ከጎደለ ወይ መገጣጠሚያው ነው ወይ ፉት ቫልቩ። መገጣጠሚያው ከሆነ ከውጭ ይረጥባል። ከውጭ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጎደለ ግን ጥፋቱ ያንተው ጎማ ነው። የመኪና ጎማ ደረቅ ነው እኮ፣ በደንብ አይተኛም። በሱ ፈንታ ከመነዳሪ ሁለት ድርብ ቁረጥና ከላዩ ላይ ትንሽ የላሜራ ክብ ጫንበት፣ ክብደቱ ይደፍነዋል።

መገጣጠሚያውን በሽቦ ማሰርህን አልወደድኩትም፣ ሽቦ ሆዙን ይቆርጠዋል። ከውስጥ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቱቦ አስገባና ሁለቱን ጫፎች እሱ ላይ አጥልቅ፣ ከዚያ ከመነዳሪውን ሁለት ጣት ስፋት አድርገህ ሸንሽነህ እስኪቀጥን እየለጠጥክ ጠምጥም፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። በራሱ ይነክሳል፣ ሽቦ አያስፈልገውም።

ሌላው፣ ጫፉን ወንዙ መሬት ላይ አታስተኛው፣ ደለል ይጠጣል። ባዶ ጀሪካን ከላይ አስረህ አንጠልጥለው፣ ከውሃው ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ይንሳፈፍ። ዙሪያውን አሮጌ ቅርጫት አልብሰው፣ ቅጠል አይገባበትም። ይሄን ከኔ አባት ነው የተማርኩት።

ቤት የሰራነውን ጻፉ ካልክ የኔ ውድቀት ይቅደም። የሩዝ መፈልፈያችን ወንፊት ተበሳስቶ አለቀ። የሩዝ ገለባ ብረት ይበላል፣ እንደ አሸዋ ነው። አዲስ ወንፊት ስላጣን ከዘይት በርሜል ላሜራ ቆርጠን በሚስማር በሳሳነው። በጣም ኮራን። ከዚያ ሩዙ ሁሉ ተፈረካክሶ ወጣ፣ ለቅንጬ እንጂ ለገበያ አይሆንም። ለካ ሚስማሩ ሲወጋ የወጣው ሹል ወደ ውስጥ ዞሮ ነው ያሰርነው። ገልብጠን ሹሉን በሞረድ አስተካከልነው፣ ያንን ክረምት አወጣን።

አያ ባሌስትራ፦
እንደምን ሰነበታችሁ ልጆች። እኔ ፓምፕ አላውቅም፣ ብረት ግን አውቃለሁ። የደንቢያው ልጅ ቤት የሰራችሁትን ብለሃልና ልናገር፣ ማንም አይቆጣኝ።

እኛ ጋ ማረሻ የሚሰራው ከመኪና ባሌስትራ ነው። ጥሩ ብረት ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። አግሎ አግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ቺር ይላል፣ ደስ ይለዋል፣ ዋልካው ደርቆ ሲጠብቅ ወይም ድንጋይ ሲነካ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ባሌስትራ የተቃጠለ ዘይት ነው የሚፈልገው። ሙቀቱን በዓይን ብቻ አትገምቱ፣ ፀሐይ ላይ ቀዩ አይታይም፣ ጥላ ውስጥ ስሩ። እኔ ከተሰበረ የቴፕ ድምጽ ማጉያ ያወጣኋት ማግኔት አለችኝ፣ ብረቱ በደንብ ሲግል ማግኔት አይዘውም። ማግኔቱ እምቢ ካለ በኋላ ትንሽ ጨምሩለትና ወደ ዘይቱ። ማረሻ ከሆነ ጫፏን ብቻ፣ አራት ጣት ያህል፣ ጀርባዋ ለስላሳ ይቅር።

ከዘይት ሲወጣ አልጨረሳችሁም። ጫፏን በድንጋይ አሹና አብረቅርቁት፣ ከዚያ ከጀርባዋ በኩል ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ቀለም ሲሄድበት ታያላችሁ፣ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። ማጭድ ከሆነ ቢጫው ጫፍ ሲደርስ አቁሙ፣ ስለት ይይዛል። ማረሻ ከሆነ ሰማያዊው ይድረስ፣ አይሰበርም። ይሄን ትዕግሥት ያጣ ሰው ነው ወገሉ አጠፋብኝ፣ ሞፈሩ አጠፋብኝ የሚለው።

ፉት ቫልቭ የምትሏትን ደግሞ የጎረቤት ልጅ አምጥቶልኝ አይቻታለሁ። የወናፍ አፍ ማለት ናት፣ አንድ ወገን ታስገባለች፣ አንድ ወገን ትዘጋለች። ቆዳም ይሆናል፣ ዘይት ጠጥቶ የለሰለሰ ከሆነ። የሚገርመኝ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ቀልጦ የተሰራበት አገር ሰዎች ነን፣ ዛሬ ለመዳፍ የማትሞላ ላስቲክ ከተማ ወርደን እናጣለን።

አዘዞ ጋራዥ፦
የፎገራዋ ያለችውን ሁሉ አድርግ፣ ልክ ናት። አያ፣ የማግኔቷን ነገር ወስጃለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ሲሉን በተመለከተ ግን አደራህን በገመድ እንዳትሞክር። የድሮ ፓምፖች ገመድ በግራሶ ተነክሮ የሚጠቀጠቅበት ቦታ ተሰርቶላቸዋል፣ አንተ ያለችህ ትንሿ የላትም። አንድ ደንበኛ ሲባጎ በግራሶ አርሶ ጠቅጥቆባት መጣ። ሁለት ቀን ሰርታለታለች፣ እውነቱን ለመናገር። በሦስተኛው ቀን ዘንጉ ቦይ አውጥቶ ተገኘ፣ ውሃው ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ገባ፣ ለሲል ብቻ የመጣ ሰው ሲልም ዘንግም ኩሽኔታም ሊገዛ ሆነ። ሲል ማለት ሁለት ፊት ናት፣ አንዷ ካርቦን፣ አንዷ ሸክላ መሳይ፣ እንደ መስታወት የለሰለሱ። የሚያቀዘቅዛቸው ውሃው ነው። ያለ ውሃ አስነስተህ ካቆየሃት በደቂቃዎች ታቃጥላታለህ። አንተ ውሃ ሳይመጣ ስንት ጊዜ አስነሳሃት? እንግዲህ ጠብ ጠብ የጀመረው ለዚያ ሊሆን ይችላል። እና ሲል ለብቻው ይመጣል፣ የዘንጉን ውፍረት በሚሊሜትር ለክቶ መጠየቅ ብቻ ነው።

በቤት የሚሆነውን ደግሞ ልንገርህ። ጓርኒሲዮን፣ በሁለት ብረት መሃል ገብቶ የሚያሽገው፣ በውሃው በኩል ከሆነ ከከመነዳሪ ቁረጥ፣ ችግር የለውም። ለካርቡራቶር ወይም ለዘይት ክዳን ወፍራም ካርቶን ይሆናል፣ ካርቶኑን እቃው ላይ አስቀምጠህ በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ኳ ኳ ስታደርገው ራሱ ይቆረጣል፣ ከዚያ ዘይት ቀባው። ለቴስታታ፣ ለሞተሩ ራስ፣ ግን ላስቲክም ካርቶንም እንዳታስብ፣ ይቃጠላል። የቤንዚን ታንከር ቀዳዳ ካለው ደረቅ ሳሙና ከትንሽ ውሃ ጋር አሽተህ ለጥፍበት፣ ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም፣ ሳምንታት ይይዛል። ታንከር ወደ በያጅ ይዞ መሄድ ግን አይሆንም። ባዶ ነው፣ ቤንዚን የለውም ትላለህ፣ ከቤንዚኑ ይልቅ የሚፈነዳው ትነቱ ነው።

አሁን ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ሆዙን 4 ሜትር ቀጠልኩ ብለሃል። ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስንት ሜትር ነው? የሆዙን ርዝመት አትንገረኝ፣ ከፍታውን።

የደንቢያው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የፎገራዋ፣ እህቴ፣ እንዳልሽው ሞላሁት፣ መገጣጠሚያው ረጠበ። ቱቦ ከውስጥ አስገብቼ በከመነዳሪ ጠመጠምኩት፣ አሁን ውሃ ሞልቼ ተመልሼ ስመጣ እንደሞላ ነው የማገኘው። ጎማውንም ቀየርኩት። ሳስነሳት ከበፊቱ የተሻለ ተፋች፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቦዩ ውስጥ ውሃ አየሁ፣ ልጆቹ እልል አሉ፣ ከዚያ ቆመች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እንደዚያው።

አዘዞ ጋራዥ፣ ከፍታውን በገመድ ድንጋይ አስሬ ከገደሉ ላይ ጥዬ ለካሁት። 15 ክንድ ሆነ። አምና በዚህ ወቅት ውሃው በጣም ቅርብ ነበር፣ ፓምፗ ግን እዚያው የድሮ ቦታዋ ላይ ናት፣ ቦዩ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ።

አዘዞ ጋራዥ፦
በል ተገኘ። ፓምፗ ምንም አልሆነችም ወንድሜ፣ ሲሉ ካንጠባጠበው በስተቀር።

ክንዱን ግማሽ ሜትር ብንለው 7 ሜትር ተኩል ነው። ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ ስቦ አይደለም የሚያወጣው። ከሆዙ ውስጥ አየሩን ታወጣለች፣ ውጭ ያለው አየር ደግሞ የወንዙን ፊት ተጭኖ ውሃውን ወደ ባዶው ሆዝ ያወጣዋል። የአየሩ ጉልበት ደግሞ ልክ አለው። ባህር ዳርቻ ላይ፣ ምጽዋ በለው፣ ምንም እንከን የሌለው ፓምፕ ቢኖር 10 ሜትር ከ30 ሳንቲም ያህል ነው የሚያወጣው። እኛ ያለንበት ግን ከፍታ ነው፣ ጣና ራሱ ከ1,780 ሜትር በላይ ላይ ነው የተኛው፣ አየራችን ሳስቷል። እዚህ ያው እንከን የለሽ ፓምፕ 8 ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዚያ ላይ የሆዙን ፍትጊያ፣ የፉት ቫልቩን፣ የቅርጫቱን ቀንስ። 5 ሜትር ተኩል ላይ በደህና ከሰራችልህ ተመስገን በል። ማኑዋሏ ላይ 7 ወይም 8 ሜትር ይል ይሆናል፣ ያ ለባህር ጠለል ነው፣ ለደንቢያ አይደለም።

ሞተሯም እንደዚያው ናት። በየ 300 ሜትሩ 3 ተኩል በመቶ ገደማ ጉልበት ታጣለች፣ ስለዚህ 7 ፈረስ የተባለችው አንተ ጋ ስትደርስ 5 ተኩል ፈረስ ናት። ካንዴላዋን፣ እሳት የምትረጨውን፣ አውጥተህ እያት፣ ጥላሸት ለብሳ ታገኛታለህ፣ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛባታልና።

መድኃኒቱ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ፓምፗን ወደ ውሃው አውርዳት። ወደ ላይ መግፋት ለሷ ምንም አይደለም፣ 15 ሜትር ብታስገፋት ትገፋለች። መሳብ ነው የማይሆንላት። ገደሉን ቆፍረህ እንደ መደብ ደረጃ አውጣለት፣ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ያለ ይሁን፣ የማጠጫውን ሆዝ ከዚያ ወደ ቦይህ አውጣ። የመምጠጫው ሆዝ ደግሞ ከወንዙ እስከ ፓምፗ ድረስ ሽቅብ ብቻ ይሂድ፣ መሃሉ ላይ እንደ ግመል ጀርባ ጉብታ ካለው አየር እዚያ ይጠራቀማል።

የመተማው ትራክተር፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ መብራት የለም እኛ ጋ። አዘዞ ልክ ነህ፣ ግን ሰዉን ቆፍር ስትለው አብረህ መንገር ያለብህን ተውከው። ጉድጓድ እንዳታደርገው! አንዳንዱ ሰው ቆፍር ሲባል አራት ማዕዘን ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፑን ከታች ያስቀምጣል፣ ዝናብ እንዳይነካት ብሎም ላስቲክ ይወጥርባታል። የቤንዚን ጭስ እኮ ከውስጡ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለበት። ነዳጅ ልሙላ ብሎ የወረደ ሰው ይደክመዋል፣ ቁጭ ይላል፣ ሊያወጣው የወረደውም እዚያው ይቀራል። ደረጃው ወደ ወንዙ በኩል ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይግባበት፣ የጭስ መውጫዋ ማርሚታ ወደ ወንዙ ትዙር።

ሌላው፣ እዚያ ዝናብ ባይኖርም ላይ ጎንደር ደጋው ላይ ከዘነበ መገጭ ድንገት ይመጣል። ማታ ማታ አውጣት። ባታወጣትም በረጅም ገመድ ከዛፍ ጋር እሰራት።

በነካ እጄ የኔንም ስሙኝ። እኔ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነው የምነዳው። አፈር የሚያደቀው ሮታቬተር ከትራክተሩ ጉልበት በሚቀበልበት ዘንግ፣ ካርዳኖው ላይ፣ አንዲት ቀጭን ቡሎን አለች፣ ጉቶ በነካን ቁጥር ትሰበራለች። ወርደህ ትቀይራለህ፣ ትነሳለህ፣ ደግሞ ትሰበራለች። በዚያ ሐሩር ተናደድኩና ጭንቅላቷ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈባትን ጠንካራ ቡሎን አገኘሁ፣ እሷን አስገባሁ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ጉቶ ነካን፣ ቡሎኗ አልተሰበረችም። የተሰበረው የሮታቬተሩ ጥርስ ነው፣ ማለቴ የውስጡ ማርሽ። ዕቃው እስኪመጣ ድረስ አንድ ወር ትራክተሩ ቆመ፣ ባለቤቱ ምን እንዳለኝ እዚህ አይጻፍም። ለካ ያቺ ደካማ ቡሎን የተቀመጠችው እንድትሰበር ነው፣ ማርሹን ለማዳን። አሁን ኪሴ ሙሉ ደካማ ቡሎን ይዤ ነው የምወጣው። ላስቲክ የጠፋ እንደሆነ ላስቲክ ተኩ፣ ግን ዕቃው ለምን ደካማ እንደተደረገ ሳታውቁ አታጠንክሩት።

የፎገራዋ፦
ኪሱ ሙሉ ቡሎን ይዞ የሚዞረው ሰውዬ፣ ልብስህን የሚያጥበው ማነው ጃል? የኔ ባል እንደዚያው ነው፣ ሳጥብ ዳዶ ከኪሱ ይወጣል።

ከልቤ ግን የመተማውን ስለ ጭሱ አመሰግናለሁ፣ እኛ ጋ ከላይ ላስቲክ ወጥረው የሚሰሩ አሉ፣ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። የደንቢያው፣ ምን ሆነ? ዝም አልክ።

የደንቢያው፦
ዝም ያልኩት እየቆፈርኩ ስለነበረ ነው። ዋልካው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ሁለት ቀን ፈጀብን። ከጎረቤት ሦስት ሰው ለምኜ፣ ጠላ ቀርቦ፣ እንደ ደቦ ሰራነው። ደረጃው ከውሃው 6 ክንድ ላይ ነው፣ ወደ ወንዙ ክፍት ነው፣ ማርሚታዋም እንዳልከኝ ወደ ውሃው ዞራለች የመተማው።

ፓምፗን ስናወርድ አንዱ ሽማግሌ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" እያሉ ከላይ ያዙናል። ያው 30 ኪሎ አትሞላም። ልጁ ሳቀና "አያቶቻችን 7 ቶን የሚሆነውን ሴባስቶፖልን መቅደላ አውጥተዋል፣ እኛ ይቺን ወንዝ ማውረድ ያቅተናል?" አላቸው። አያ ባሌስትራ፣ የጋፋቱን ነገር ለሱ አንብቤለት ነበር።

አስነሳናት። በመጀመሪያው ገመድ ተነሳች፣ አሥር ባልቆጠርንበት ጊዜ ሆዙ ወፈረ፣ ከዚያ ቦዩ ሞላ። ካቆመች እንደገና እናስነሳታለን ብዬ ጣሳዬን ይዤ ነበር የቆምኩት፣ አላቆመችም። እስከ ምሽት አንድ ታንከር ተኩል ቤንዚን ጠጣች፣ ግማሹን መሬት አጠጣን። ካንዴላዋን ሳወጣት እንደተባለው ከሰል መስላለች፣ በሽቦ ብሩሽ አጸዳኋት። ማታ በገመድ ጎትተን አወጣናት፣ ቤት ነው ያደረች።

አሁንም ጠብ ጠብ ትላለች። የዘንጉን ውፍረት ለመለካት ሚሊሜትር ያለው መለኪያ የለኝም፣ በክር ጠምጥሜ ክሩን ቆርጬ በወረቀት አጣብቄዋለሁ፣ ለቅዳሜ ገበያ ስመጣ ይዤው ወደ አዘዞ ብቅ እላለሁ። በክር ይሆናል አዘዞ ወይስ ፓምፗን ራሷን ልሸከማት?

አዘዞ ጋራዥ፦
በክር ለሲል አይሆንም፣ በግማሽ ሚሊሜትር ከተሳሳትክ አይገባም። ፓምፗን ተዋት፣ ሽንኩርቱን ታጠጣ። የአራት ቡሎኖቹን ክዳን ስትፈታ የምታገኘውን አሮጌውን ሲል ይዘህ ና፣ ግን አርብ ማታ ፍታው፣ ጠዋት ካጠጣህ በኋላ። ስትፈታ የቀለበቶቹን አቀማመጥ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ሁሉም ሰው ሲመልሰው ገልብጦ ነው የሚመልሰው።